የሲስተሯ ተረከዝ

ቅዳሜ ጠዋት ሲስተሯ የቤቷን በር ከውስጥ ቆለፈች፤ መጋረጃውንም ጋረደች። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ምን አመጣው ብትሉ፣ እግሯን ልትታጠብ ነው። በማግስቱ ታናሽ እህቷ ታገባለች፤ ሙሽሪት ደግሞ ለሚዜዎቿም ለእህቷም ጣት የሚያሳይ ክፍት ጫማ ገዝታ አድላለች። የሲስተሯ ተረከዝ ግን እንኳን ለሠርግ ለራሷም የሚታይ አልነበረም። ንቃቃቱ የክብሪት እንጨት ያስገባል።

ውበት ሳሎን ሄዳ አታሠራውም ወይ? የምን ሳሎን! እሷ እኮ በጤና ጣቢያው የስኳር ሕሙማንን እግር የምትከታተል ነርስ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ከረጅሙ አግዳሚ ወንበር ፊት ቆማ «እግራችሁን እንደ ፊታችሁ ተንከባከቡ፤ ምላጭ እንዳታስነኩት» ስትል ኖራለች። እግሯ እንዲህ ሆኖ ቢታይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሥራ ይገባል። የባሰም አለ፤ ራሷም ስኳር ከያዛት ሁለት ዓመት ሆኗታል። መድኃኒቷን የምታመጣው ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ ከሐኪሟ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። መካሪዋ ራሷ ተያዘች እንዳይሏት ነው። የሰረቀች ያህል ታፍርበታለች።

ታካሚዎቿ ከኋላዋ «ፖሊሷ» ይሏታል፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ የእግራቸውን ደረቅ ቆዳ በምላጭ መላጣቸውን ቢነግሯት፣ ቀኝ እግራቸውን ሽቅብ አስነሳቻቸውና «እዩልኝ! እኚህ ሰውዬ እግራቸውን እንደ ትርፍ ጨርቅ ነው የሚቆርጡት!» አለች። አግዳሚው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ጆሯቸው እስኪቀላ አብረው ሳቁ። እሷ ቀጣዩን ታካሚ ጠራች።

እናም ፖሊሷ ሳፋዋን አወጣች። ውሃው ለብ ማለቱን እንደምታስተምረው በክርኗ ለካች፤ እስከዚህ ድረስ ጨዋ ነበረች። በሳሙና ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፈችው፤ ላቧ ጠብ እስኪል በእግር ድንጋይ ፈተገችው። ተረከዝ ሆዬ ወይ ፍንክች! ጫማውን አየች፣ ተረከዟን አየች፣ ተነስታ ከመሳቢያው ምላጭ አመጣች። «ትንሽ ብቻ» አለች፤ ታካሚዎቿም ሁልጊዜ የሚሏት ይህንኑ ነው። ቆዳው ተላጠላትና ደስ አላት። ምንም አላመማትም። እግር አላመመም ማለት ደህና ነው ማለት እንዳልሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች፤ ግን የነቃችው የሳፋው ውሃ ሲቀላ ነው። ቁስሉን ጠርጋ በፋሻ አሰረችው። ከዚያ ዐይኗን በጨው አጥባ ጥፍሮቿን ቀይ ቀባች።

በሠርጉ ጨፈረች። በሳምንቱ አጋማሽ ተረከዟ አበጠ። ማታ ማታ ተደብቃ እያጠበች፣ ቀን በሁለት ካልሲ እያፈነች ሥራዋን ዋለች። በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት ግን መቆም አቃታትና ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። አዲሷ ነርስ፣ ገና ልጅ ናት፣ ክንዷን ይዛ ባገኘችው ክፍት ቦታ አስቀመጠቻት። ቦታው የታካሚዎቹ አግዳሚ ላይ ነው። አጠገቧ ያሉት ደግሞ፣ እንደ ዕድሏ፣ ልብስ ሰፊው ናቸው። ጠጋ አሉላት።

ፋሻው ሲፈታ ሽታው ለሁሉም ደረሰ። ከቁስሉ ይልቅ ያ ቀይ የጥፍር ቀለም አሳፈራት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሲስተር! ምን ነክቶሽ ነው?» አለች ልጅቷ።

አግዳሚው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሲስተሯ ጥፍሮቿን በመዳፏ ሸፈነች።

«ጫማ ነዋ!» አሉ ልብስ ሰፊው ፈጠን ብለው። «አዲስ ጫማ መቼ ይምራል!»

ሲስተሯ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ልጅቷ ካርዱ ላይ «ጫማ» ብላ ጽፋ መድኃኒት ልታመጣ ሄደች።

«አይዞሽ» አሏት ሽማግሌው በሹክሹክታ። «እኔም ዛሬ ከጠየቁኝ ጫማ ነው የምለው። ይቺ ልጅ እንደሆነች አትቆጣም።»

ሰው ፊት ያዋረደቻቸው ሰው ናቸው የሸፈኑላት። ቢሰድቧት በስንት ጣዕሙ። ነገር ግን «እኔም» ያሉት ነገር ከነከናት።

«እርስዎስ ምን ሆነው ነው?»

«ተይው ባክሽ።» ግራ እግራቸውን ወደ ወንበሩ ሥር ሳብ አደረጉ። ጫማቸው በጎኑ በመቀስ ተቀዷል።

«እስቲ ያውልቁልኝ አባባ።»

«ሰው ፊት? አላደርገውም።»

ልጅቷ ተመለሰች። ሲስተሯ አንገቷን እንደደፋች፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ «ጫማ አይደለም፤ ሰርዢው» አለች። «ምላጭ ነው። በገዛ እጄ ነው የቆረጥኩት። ስኳርም አለብኝ፤ ሁለት ዓመት ደብቄያችኋለሁ።» ማንም አልሳቀም።

ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብለው የግራ ጫማቸውን ክር ፈቱ። ካልሲው ሲወልቅ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቻቸው ጠቁረዋል። ልጅቷ ሐኪሙን ልትጠራ ሮጠች።

«መቼ ነው የጀመረዎት?» አለች ሲስተሯ፣ መልሱን እየፈራች።

«ቆየ እኮ። ያን ዕለት ላሳይሽ የመጣሁት ይሄንን ነበር» አሉ። «አንቺ ቀኙን አስነሳሽኝና…» የቀረውን ተዉት። እንዳታፍር ብለው ፈገግ አሉላት።