ሴፒሶ አታድርጊብኝ

በናማካው ሠርግ ዕለት ሙሽራው ሲዘገይ፣ ሄዳ እንድታይ የተላከችው ሴፒሶ ናት። እሷና ሙሽራይቱ ማራምባ ሰፈር በአንድ ግቢ ያደጉ ናቸውና ከእሷ ሌላ የሚላክ ሰው አልታሰበም። ሙሽራው ሙቢያና የተከራየው ቤት ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። አከራይቱ ደጃፍ ላይ ቅጠል እየቀነጠሱ፣ «በጠዋት ወደ ቦትስዋና ተሻገረ እኮ፤ ፍራሹን ሳይቀር ጭኖ ነው የሄደው» አሏት። ሴፒሶ የአልጋውን ባዶ ርብራብ አየችና ተመለሰች።

ናማካው የነጩን ቀሚስ ጫፍ ሰብስባ ይዛ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትጠብቃታለች።

«አገኘሽው?»

ሴፒሶ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። የጓደኛዋን ፊት ስታይ ግን ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት።

«ጎማ ፈንድቶበት ነው» አለች። «እየመጣ ነው።»

ናማካው ሳቀች። «ድሮስ የሱ መኪና!» ብላ ወደ ሴቶቹ ዞረች። ሴቶቹ ዘፈኑን አነሱት። ሙሽራይቱ ጫማዋን አውልቃ አቧራው ላይ ጨፈረች፤ እንዲያ ስትጨፍር ያየናት ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው ሲጠይቅ ሴፒሶ፣ «ጎማው ተቀይሯል»፣ «ነዳጅ እየቀዳ ነው» ትላለች። ጥላ ሲረዝም የሙቢያና ወንድም አንገቱን ደፍቶ መጣና እውነቱ ወጣ። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ ሄደ። ምግቡን ጎረቤት በየሳህኑ ተካፈለው።

ናማካው ብዙ ጊዜ ከቤት አልወጣችም። ድሮም ቀልድ አዋቂ ነበረች፤ ተኝታም አልተዋትም። ሰዎች የመንደር ቃል ከነፍቺው የሚጽፉበት አንድ የስልክ ገጽ ነበር፣ እዚያ ላይ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ሴፒሶ፦ ጓደኛ ዓይንሽን እያየች የምትዋሽሽ ውሸት። አነጋገሩ፦ ‹ቀሚሱ አምሮብኛል?› ‹በጣም!› ‹እባክሽ ሴፒሶ አታድርጊብኝ።›»

ከተማው ወደደው። ሌሎችም የጓደኞቻቸውን ስም ይዘው መጡ። አንዱ፣ «ሙንዲያ፦ ግብዣ ሲኖር ብቻ ስልኩ የሚሠራ ጓደኛ» ብሎ ጻፈ። ሌላይቱ፣ «ናሉሻ፦ ደርሻለሁ የምትል፣ ገና ገላዋን ያልታጠበች።» እነዚያ ተረሱ፣ «ሴፒሶ» ግን ሳይረሳ ቀረ። የሚኒባስ ረዳቶች ያዙት። በሬዲዮ ኳስ የሚያወራው ሰውዬ ተጫዋቹ ሳይነካ ሲወድቅ፣ «ዳኛው ላይ ሴፒሶ አደረገበት» አለ።

ሴፒሶ መጀመሪያ ሰሞን ሳቀች፤ ካልሳቀች ተቀየመች ይሏታላ። ቆይቶ መሳቁም ቀረ። ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ስሟን ስትጠራ ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና ተነሥታ ገባች። ደንዝዞ እንደተነቀለ ጥርስ ሆነባት፤ ጉድጓዱን በምላስ ትነካዋለህ እንጂ አያምም። አዘነች ማለት አይቻልም። ሠራች፣ በላች፣ ተኛች።

የከበዳቸው አባቷ ናቸው። በእኛ በሎዚዎች ቋንቋ ስሟ የተገባ ቃል ማለት ነው፤ ከሷ በፊት ሕፃናት ሞተውባቸው ስለነበር አስበው ያወጡት ስም ነው። አንድ እሑድ፣ «ልጄ፣ ሄደሽ አነጋግሪያት» አሏት።

«ምን ብዬ፣ አባባ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

አልሄደችም።

የምትሠራው ወንዝ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ፣ ልብስ አጠባ ክፍል ነው። እዚያ ደረቷ ላይ በተለጠፈው የአባቷ ስም፣ በሊካንዶ፣ ነው የሚጠሯት። አብራት አንሶላ የምታጥፈው ቾልዌ የምትባል የቶንጋ ጎሣ ሴት ናት፤ ቶንጋና ሎዚ ደግሞ በቆየ ልማድ ሲቀላለዱ ነው የሚውሉት። አንድ ቀን ሴፒሶ፣ «ይሄን ክምር ከምሳ በፊት እንጨርሰዋለን» አለቻት።

«ኧረ ሊካንዶ፣ ሴፒሶ አታድርጊብኝ።»

ሴፒሶ አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። «ስሜ እኮ ነው» አለች። «ሴፒሶ እኔ ነኝ።»

ቾልዌ አፍጥጣ አየቻትና አንሶላው ላይ ወድቃ ሳቀች። «ይሄስ የሴፒሶ ሴፒሶ ነው! እናንተ ሎዚዎች እኮ ለውሸታችሁም ስም ታወጣላችሁ።»

ሴፒሶ መታወቂያዋን ልታሳያት ቦርሳዋን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ከሥራ ስትወጣ ወደ ቤቷ መሄዱን ተወችና ወደ ናማካው ቤት አቀናች።

ናማካው ጓሮ ዓሣ እያጸዳች ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ሁለቱ ብቻቸውን ተቀምጠው አያውቁም። ናማካው በርጩማ በእግሯ ገፋችላት።

«ዛሬ ከየት ተገኘሽ?»

«ያን የጻፍሽውን አጥፊው» አለች ሴፒሶ። ድምጿ አልተለወጠም።

«የኔን ካጠፋሁ ቆየ። ሰዎች መልሰው ጻፉት። እንደውም ከኔ አሳምረው።» ናማካው ቅርፊቱን ፋቀች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በር ላይ ስትነግሪኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«አይተሽ ነው የመጣሽው?»

«ክፍሉን አየሁት። ፍራሹንም ወስዶታል።»

ናማካው ቢላዋውን አስቀመጠች። «ፍራሹን?»

«ፍራሹን።»

ሳቅ መጣባት፣ ግን አልወጣም። በክንዷ ፊቷን ጠረገች፤ ቅርፊት ጉንጯ ላይ ቀረ። «በጣም ተናድጄብሽ ነበር» አለች። «ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ብቻ የጨፈርኩ መሰለኝ። ደግሞ ስጽፈው ሰዉ ባንቺ ስም ሳቀ። ያን ሰሞን የኔን ስም ያነሣ የለም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽሽም።»

«ገባኝ።»

«አልተቀየምሽም?»

ሴፒሶ አሰበች። «አላውቅም» አለች። «ምንም አይሰማኝም፣ እቴ። እውነቴን ነው። መቀየም አቅቶኝ ነው እንጂ ይቅር ብዬሽ አይደለም።»

ናማካው ይሄንን አልጠበቀችም። ብትጮህባት መልስ ነበራት። «ግን ያ ከሰዓት በኋላ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሙሽራ የሆንኩት ያኔ ብቻ ነው። በሩ ላይ እውነቱን ብትነግሪኝ እሱም አይኖረኝም ነበር። ይሄንን ግን የትም አልጻፍኩም።»

ሴፒሶ እጇን ዘርግታ ጉንጯ ላይ የቀረውን ቅርፊት አነሣችላት። እንዲህ ማድረጓ ለራሷም ገረማት።  

ነፋስ ተነሣ። የናማካው እናት ከቤት ውስጥ፣ «ልጆች፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብሱን አንሡልኝ» አሉ። ናማካው እጇ ዓሣ ዓሣ ይል ስለነበር ሴፒሶ ተነሣችና ከገመዱ ላይ ማውረድ ጀመረች። ልማድ ሆኖባት እያንዳንዱን እያጠፈች።

«እንዲያ አሳምረሽ ካጠፍሽውማ እናቴ አትለቅሽም» አለች ናማካው። «ትበያለሽ?»

«እበላለሁ» አለች ሴፒሶ።