አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ሁለት ክኒን

እነዚህን ሁለት ወንድማማቾች የሚለያቸው አንድ ጣት የማይሞላ ችፑድ ነው። አባታቸው ትተውላቸው የሄዱትን ሱቅ ለሁለት ከፍለው፣ መሃሉን በችፑድ ጋርደው፣ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ይውላሉ። በቀኝ በኩል ታላቁ መድኃኒት ቤት ከፍቷል። በግራ በኩል ታናሹ የደረቀ ቅጠል፣ የተፈጨ ሥራ ሥርና ማር ይሸጣል።

ታላቁን ባለጋዋኑ እለዋለሁ። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ የተወለደ ይመስል ሳሙና ሊገዛ እንኳ ሲሄድ አያወልቀውም። ታናሹ ባለዱቄቱ ነው። ዝናው ያለው አፈ ሰፊ በሆነ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው፤ ዝንጅብል፣ ቀረፋና እሱ ብቻ የሚያውቃቸው ቅጠሎች ተፈጭተው ተቀላቅለውበታል። ጉንፋን የጣለው ሰው አንድ ማንኪያ በሙቅ ውሃ በጥብጦ ከጠጣ ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ ይወርዳል። እኔም ጠጥቼ አይቻለሁ። ልብስ ሊያስተካክል የመጣውን ሁሉ በሜትር እየለካሁ «ተአምር ነው!» ያልኩት ስንቱን ነው!

ወንድማማቾቹ ከተነጋገሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ያኔ ታናሹ ለታላቁ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሽሮፕ ሊገዛ የመጣን ሰው «ዝንጅብል ይሻልሃል» ብሎ ቢመልሰው፣ ታላቁ በደንበኛ ፊት «ቅጠል በጣሽ!» ብሎ አባረረው። ከዚያ ወዲህ የሚሰዳደቡት በችፑዱ በኩል፣ ለገበያተኛ የሚያወሩ እየመሰሉ ነው።

«እዚህ የሚሸጠው ተመርምሮ የመጣ ነው፤ የበግ መኖ አይደለም!» ይላል ባለጋዋኑ፣ ድምፁን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

«እዚህ የሚሸጠው ዓይናችሁ እያየ ይፈጫል፤ ታሽጎ የመጣ ኖራ አይደለም!» ይላል ያኛው።

ገበያተኛው መሃል ቆሞ ያስላል።

በዚያ ሰሞን ሰፈሩን ያዳረሰው ጉንፋን እናታቸውንም አልማራቸውም። እማማ የሚኖሩት ከሱቁ ጀርባ ነው፤ የእኔና የሳቸው በር ትይዩ ስለሆነ የሚገባውንና የሚወጣውን ከስፌት መኪናዬ ሳልነሳ አያለሁ። ትኩሳቱ አነደዳቸው፤ ሳሉ ጎናቸውን ወጋቸው። ልጆቹ እንዳይገናኙ ሰዓት ለይተው መመላለስ ጀመሩ። ባለጋዋኑ በቀን አራት ጊዜ ክኒን ይዞ ይመጣል። ባለዱቄቱ በመሃል በመሃሉ ሦስት ጊዜ ዱቄቱን በጥብጦ ያመጣል። አንዱ መስኮት ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል። ታናሹ እማማን ሊያጥን ያፈላውን የቅጠል ድስት ታላቁ እንዳለ ደጅ ደፋው፤ ታላቁ ጠረጴዛው ላይ የደረደረውን ክኒን ታናሹ በክንዱ ጠርጎ መሬት ላይ በተነው። እኔ ነኝ ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ የለቀምኩት።

«እማዬ፣ የዚያን ቅጠል በጣሽ እጣቢ አልጠጣሽም አይደል?»

«ምን በወጣኝ!» ይላሉ እማማ።

እሱ ወጥቶ ሌላው ሲገባ፣ «የዚያን ጋዋን ለባሽ ኖራ አልዋጥሽም አይደል?»

«ምን ቆርጦኝ!»

ሁለቱንም እየወሰዱ ነበር። አንድም ጠብታ፣ አንድም ክኒን አላስተረፉም።

«እማማ፣ ለሁለቱም ይዋሻሉ እንዴ?» አልኳቸው፣ ትራሳቸውን እያስተካከልኩ።

«የአንዱን ውጬ የአንዱን ብደፋ፣ የተደፋበት ልጅ ምን ይሆናል? ይሄ ሆድ ለሁለቱም በቅቶ ነበር፤ አሁንም አያንሳቸውም።»

ቅጠልና ክኒን ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ዝም አልኩ። ያንን ዝምታዬን ዛሬም አልወደውም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ያስመልሳቸው ጀመር። ውሃ እንኳ አልረጋላቸው አለ። በቀኝ በኩል ከጎድናቸው በታች ይዘው «እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ» ይላሉ፤ የዓይናቸው ነጭ የቆየ ወረቀት መስሏል። ሮጥኩና ሁለቱንም ጠራኋቸው። ለስድስት ዓመት ፊት ለፊት ያልተያዩ ሰዎች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆሙ።

«ገደልካት!» አለ ባለጋዋኑ። «በሣር ገደልካት!»

«አንተ ነህ የገደልካት! የሚያነደውን ክኒንህን በባዶ ሆዷ እያጎረስክ!»

«አጠጥተሃታል ማለት ነው?»

«አጉርሰሃታል ማለት ነው?»

ሁለቱም ወደ እናታቸው ዞሩ። እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መጀመሪያ አንሷቸው!» ብዬ ጮህኩ። «ከዚያ እንደ ውሻ ትናከሳላችሁ!»

ታክሲው ውስጥ እማማ መሃላቸው ተቀመጡ፤ እንደ ችፑዱ።

ክሊኒኩ የሰፈሩን ሳል ሰብስቦ ጠበቀን። ኮሪደሩ ላይ የባለዱቄቱ ደንበኞች ብቻ እንኳ ከሦስት አያንሱም ነበር። ወጣቷ ሐኪም እማማን መረመረች፣ ደም አስወሰደች፤ ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጉበታቸው ተጎድቷል። ፓራሲታሞል ወስደዋል?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለ ባለጋዋኑ፣ ኮሌታውን እያቃና። «ሁለት ሁለት ክኒን፣ በቀን አራት ጊዜ። ከልኩ አላለፈም። አንቲባዮቲክም አለ።»

«አንቲባዮቲኩ ለምን?»

«ለጉንፋኑ ነዋ።»

«ይሄ ቫይረስ ነው። አንቲባዮቲክ አይነካውም። እርስዎ ይሄንን እያወቁ?»

ጋዋኑ ድንገት ሰፋው፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ልክ አይስተኝም።

«ሌላስ ምን ወስደዋል?» አለች ሐኪሟ።

«እሱ ይጠየቅ! መርዝ ነው ያጠጣት!»

ባለዱቄቱ በጣቱ ቆጠረ። «ዝንጅብል ነው። ቀረፋ። ቅጠል።»

«ያ ብቻ ነው?» ሐኪሟ ወረቀቱን አስቀመጠች። «ስሙኝ። በደማቸው ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን የምለካበት መሣሪያ እዚህ የለኝም። ፓራሲታሞሉ በልኩ ከነበረ የጉበታቸውን በሽታ ምክንያት ከሌላ ቦታ እፈልጋለሁ፤ ፍለጋው ቀናት ይፈጃል። ከልክ ካለፈ ግን ማርከሻ አለ፣ ሆኖም የሚሠራው ቶሎ ከተሰጠ ነው። ንገሩኝ።»

ባለዱቄቱ በተከፈተው በር ወደ ኮሪደሩ አየ። ደንበኞቹ አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። እኔን አየኝ፣ የተአምሩን ምስክር። ከዚያ እናቱን አየ፤ ሰሃን ላይ ተደፍተው ያምጣሉ።

«አለበት» አለ።

«ምኑ?»

«ፓራሲታሞል። ዱቄቱ ውስጥ። አንድ ማንኪያ ላይ ሁለት ክኒን እንዲደርስ አድርጌ ፈጭቼ ነው የምቀላቅለው።»

እኔም የተአምሬን ልክ አወቅሁ፤ ሁለት ነጭ ክኒን ነበር ለካ።

«በቀን ስንት ማንኪያ?»

«ሦስት።»

«ስምንት ከወንድምህ፣ ስድስት ካንተ። አሥራ አራት ክኒን በቀን፣ እህል ባልቀመሱ አሮጊት ላይ!» ወንበሯን ገፍታ ነርሷን እየተጣራች ወጣች።

ያን ጊዜ ባለጋዋኑ ሳቀ። እንዲያ ያለ ሳቅ ጠላቴም ላይ አይሳቅ።

«ስድስት ዓመት! አገሩ ሁሉ ‘ቅጠሉ ፈወሰን’ ሲል የሚውጠው የኔን ክኒን ነበር!»

«ያንተን አይደለም። ካንተ ከምገዛ እጄ ይቆረጥ! ከማዶ ሰፈር ነው የምገዛው።»

«ሌባ! አታላይ!»

«ዝንጅብሉ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሌላ ነገር አልቻለም። ሰው ደግሞ ዛሬ ጠጥቶ ዛሬውኑ ካልተነሳ ጠርሙሱን መልሶ ይወረውርልሃል። ምን ላድርግ?»

ባለጋዋኑ አንገቱን አነቀው። ባለዱቄቱ አልተከላከለም። «እሷ ትዳን፣ ከዚያ ምታኝ» አለ። ነርሷ የማርከሻውን ከረጢት ይዛ ስትገባ ሁለቱንም በክርኗ ገፍታ አስወጣቻቸው።

ባለዱቄቱ ከኮሪደሩ አላለፈም። ደንበኞቹ ፊት ቆመና «ቤታችሁ ያለውን ዱቄት ድፉት፤ ክኒን አለበት» አለ። አንዷ ሴትዮ ከጫማው ፊት ለፊት ተፋች። «ለነፍሰ ጡር ልጄ እኮ ነው የወሰድኩላት!» አለችው። ባለጋዋኑ ከጀርባው ሆኖ «አላልኳችሁም?» አለ። አጠገቡ የተቀመጠ ሰውዬ ቀና አለና፣ «ሐኪሟ ያለችውንም ሰምተናል። ታዲያ ለኔ ጉንፋን ያንን አንቲባዮቲክ የሸጥክልኝ ለምንድን ነው?» ሲለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እማማ ማርከሻው በጠብታ እየገባላቸው ሰነበቱ። ሐኪሟ በየቀኑ ደም ታስወስዳለች፤ በሦስተኛው ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ «የጉበታቸው ቁጥር እየወረደ ነው» አለች። ጉንፋኑማ ማንንም ሳያማክር በራሱ ጊዜ ለቋቸው ነበር።

በማግስቱ እማማ ክሊኒኩ አልጋ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ። ልጆቹ ግራና ቀኝ ወንበር ይዘዋል፤ አንዱ መስኮቱን፣ አንዱ በሩን ያያል። የታናሹ ሱቅ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተከፈተም። ታላቁ በየዕለቱ ከፍቶ ይውላል፤ ገበያተኛው ግን ክኒን በገዛ ቁጥር «ይሄ ለምንድን ነው?» እያለ ያደርቀዋል።

«ውሃ» አሉ እማማ።

ሁለቱም ብድግ አሉ።

«እናንተን አላልኩም። ጎረቤቴን ነው።»

ከቤት ካመጣሁት ጆግ ቀድቼ ስሰጣቸው፣ ሁለቱ ልጆች እኩል «እትዬ፣ ምን ጨመርሽበት?» አሉኝ። በስድስት ዓመት ውስጥ በአንድ አፍ ሲናገሩ የሰማሁት ያኔ ነው።

«ውሃ ነው!» አልኩ።

እማማ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው አላስጠጉም። መጀመሪያ ወደ ታናሹ ዘረጉ። «ቅመስ።»

ቀመሰ።

ወደ ታላቁ ዘረጉ። «አንተም።»

ባለጋዋኑ የወንድሙ ከንፈር የነካውን ጠርዝ በጋዋኑ እጅጌ ጠረገ፣ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገና አንድ ጉንጭ ቀመሰ። እማማ ሁለቱንም እያፈራረቁ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ የተረፈውን ግጥም አድርገው ጠጥተው ባዶውን ብርጭቆ ለእኔ መለሱልኝ።