የጠዋት ጠያቂ

የአስካልን ጉልበት ሐኪሙ አላበላሸውም። ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅ፤ ምክንያቱም በኋላ ወሬው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲዞር "ፈረንጆቹ ቆራርጠው ጣሏት" የሚል አልጠፋም። ሐኪሙ የተበላውን አጥንት አውጥቶ፣ ብረትና ፕላስቲኩን በቦታው ገጥሞ፣ ቆዳውንም ልብስ ሰፊ በማያፍርበት ስፌት ዘግቶ ነው ወደ ቤቷ የሸኛት። ጉልበቱን ያበላሸው ፍቅር ነው፤ ያውም የብርቅታይት ፍቅር።

አስካል ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ስትሪፕ በሚሉት የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። ክፍል ማጽዳት ሲባል ሰው አልጋ ማንጠፍ ይመስለዋል። ጉልበት የሚበላው ግን መታጠቢያ ቤቱ ነው፤ የእንግዳውን ፀጉር ከገንዳው ጥግ ለመልቀም በየክፍሉ መንበርከክ አለ። "ለፈጣሪ ከተንበረከክሁት ለገንዳ የተንበረከክሁት ይበልጣል" እያለች ራሷ ትቀልድ ነበር። በመጨረሻ ግን የቀኝ ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ፣ መኪና አላስገባ ሲላት ቀልዱም አለቀና ለቀዶ ሕክምናው እሺ አለች።

ከሆስፒታል ስትወጣ የተነገራት ነገር ብዙ አይደለም። እግሯን መዘርጋት፣ እግሯን ማጠፍ፣ ሲያማትም መዘርጋትና ማጠፍ። ትራስ ካማራት ተረከዟ ሥር ታድርግ፤ ጉልበቷ ሥር ግን በፍጹም። ትራስ ጉልበት ሥር ሲገባ ሕመሙ ረገብ ይላል፤ እግሩ ግን እንደተቆለመመ ይደርቅና በኋላ አልዘረጋም፣ አልታጠፍም ብሎ ይቀራል። ይህን ደጋግማ ያስጠነቀቀቻት ሊሊ ናት። ሊሊ እቤት ድረስ እየመጣች እግሯን የምታሠራት ፊሊፒናዊት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ክንዷ ብርቱ፣ ፈገግታዋም እያሳመመች የማይጠፋ።

ብርቅታይት የመጣችው አስካል ቤቷ በገባች በማግስቱ ነው። ከሰፈሯ ከሰንራይዝ ማነር አስካል እስካለችበት ፓራዳይዝ አውቶቡስ ቀያይራ፣ በአንድ እጇ የአጥሚት ፔርሙዝ፣ በሌላው ብርቱካን አንጠልጥላ፣ ገና ከበሩ "እኔን፣ እኔን" እያለች ገባች።

"ምነው እግርሽን እንዲህ ገትረሽ? ይሄማ ቅጣት ነው" አለችና የሶፋውን ትራስ አንስታ ቀስ ብላ ጉልበቷ ሥር ሸጎጠችላት።

አስካል "ተከልክያለሁ" ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ግን ትራሱ ሲገባ የመጣው እፎይታ እንባ የሚያመጣ ነበር፤ ደግሞስ ብርቅታይት እንዴት ተደርጋ እምቢ ትባላለች? ሱዳን፣ ገዳሪፍ መጠለያ ጣቢያው ውስጥ፣ ወባ ጥሏት ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥባት አዝላ ሐኪም ዘንድ ያደረሰቻት ብርቅታይት ናት። ባሏ ተስፋሚካኤል ሲሞት እስከ አርባው ከቤቷ ንቅንቅ ያላለችው ብርቅታይት ናት። እንዲህ ያለችን ሰው "ትራስሽን አንሺልኝ" ማለት ለአስካል የማይታሰብ ነው። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ሱዳንን አብሯት አቋርጧል፤ የአሜሪካ ሐኪም ደግሞ መድኃኒት አላገኘለትም።

ብርቅታይት በየጠዋቱ ትመጣ ጀመር። ልጆቿ ሌላ ስቴት ናቸው፤ ከካዚኖ ላውንደሪ ሥራዋ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ጠዋት ተነሥታ የምትሄድበት አልነበራትም። አሁን አገኘች። ታጎርሳለች፣ ጠያቂ ትቀበላለች፣ ትሸኛለች። አስካል እግሯን ላጥፍ ስትል "ተይ እንጂ፣ ስፌቱ ይለቅብሻል፤ ምን ያጣድፍሻል?" ትላታለች። ጉልበቷ ላይ እንድታደርገው የተሰጣትን በረዶ አይታ ደነገጠችና ወደ ፍሪጁ መለሰችው። ብርድ አጥንት ውስጥ ከገባ መውጫ የለውም ብላ በምትኩ እግሯን በጋቢ ጠቀለለችው። ውጭ የላስ ቬጋስ ሐምሌ አስፋልቱን ያቀልጣል፤ አስካል በጋቢ ተጠቅልላ ያልባታል፤ ላቧን ደግሞ ብርቅታይት እየጠረገች "ትኩሳቱ ሊወጣልሽ ነው" ትላለች።

ልጇ አርያም ይህን አታይም። የሆቴል ሪሴፕሽን የሌሊት ሺፍት ስለምትሠራ፣ ጠዋት ስትገባ እናቷን ትስማለች፣ "ሃይ፣ እትዬ" ትላለች፣ መኝታ ቤቷንም ትዘጋለች። ስትነቃ ብርቅታይት ሄዳለች፤ ትራሱም ሶፋው ላይ በቦታው ተቀምጧል።

"ማሚ፣ ኤክሰርሳይዝ አደረግሽ?"

"አድርጌያለሁ።"

ሊሊም ከሰዓት መጥታ ስለ ትራሱ ስትጠይቃት "ኖ፣ ኖ" ትላታለች። ሁለቱንም ትዋሻለች። የሚያሳዝነው፣ ውሸቱ የሚታየው ጉልበቷ ላይ ነው፤ ከሳምንት ሳምንት እንጨት እየሆነ ሄደ።

አንድ ቀን የሊሊ ፕሮግራም ተዛወረና ጠዋት መጣች። በሩን የከፈተችላት ብርቅታይት ናት። ሊሊ ገብታ አስካልን በጋቢ ተጠቅልላ፣ ጉልበቷም ትራስ ላይ ትራስ ተደርቦለት አገኘቻት። አልተቆጣችም። ጋቢውን ገልጣ፣ ትራሶቹን አንስታ፣ የጉልበቱን መታጠፍ ለካች፤ ፈገግታዋ ያኔ ጠፋ።

"ማማ አስካል፣ ይሄ እግር ወደ ኋላ ሄዷል" አለቻት በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። "ዶክተሩ በቀጠሮሽ ቀን እንዲህ ካገኘው እንደገና ያስተኛሻል። ሰመመን ሰጥቶ፣ በጉልበት ነው የሚያጥፈው።"

አስካል ማጠፉን አልፈራችም፤ የፈራችው መተኛቱን ነው። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ስትነቃ አርያምን አላወቀቻትም። ከአንደበቷ የሚወጣው የሱዳን አረብኛ ብቻ ነበር፤ "ተስፋሚካኤል የት ሄደ? መኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው" እያለች ታለቅሳለች። አርያም አንድም ቃል ሳይገባት እጇን ይዛ አብራት አለቀሰች። አስካል ወደ ልቧ ስትመለስ የቀራት ስሜት አንድ ነው፤ የነበረችበት ቦታ ክፉ ነበር፣ መመለሻውም ጠፍቷት ነበር። ዳግም ከላኳት እዚያው እንደምትቀር አምናለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ሲጠይቋት "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው መልሷ።

"አሁኑኑ እጠፊው" አለቻት ሊሊን።

ሊሊ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ማጠፍ ስትጀምር አስካል ጮኸች። ብርቅታይት ከኩሽና ሮጣ መጣችና የሊሊን እጅ አፈፍ አደረገች። "ልትሰብሪያት ነው? ልቀቂያት፣ የሰው ልጅ አይደለችም እንዴ?" አለች በአማርኛ። ሊሊ ቋንቋው ባይገባትም ነገሩ ገብቷት አስካልን ታያት ጀመር። ከአስካል የሚጠበቀው "ተያት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኋት" ማለት ብቻ ነበር።

አላለችም። ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ "ለዛሬ ይበቃል" አለች።

አርያም በጩኸቱ ነቅታ ወጣች። ሊሊ በሩ ላይ አቁማ ሁሉንም ነገረቻት፤ ትራሱን፣ በረዶውን፣ የቀጠሮውን መቅረብ። አርያም ወደ ሳሎን ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል። ለትልቅ ሰው በእንግሊዝኛ መመለስ ንቀት ነው ተብላ ስላደገች በአማርኛ ጀመረች። ምነው ያን ዕለት እንኳ በናቀች።

"እትዬ፣ ጠዋት መምጣት የለብሽም" አለቻት። "ሊሊ አለች፣ እኔ አለሁ። እኛ አንፈልግሽም።"

ልጅቷ ልትል የፈለገችውን እዚያ አገር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። "መምጣት ግዴታ የለብዎትም፤ አይልፉ፣ እኛ እንበቃለን" ነበር ሐሳቧ። በእንግሊዝኛ አስባ ቃል በቃል ስታወርደው ግን ግዴታ አለመኖሩ ክልከላ ሆነ፣ እንበቃለን ማለቷም ማባረር ሆኖ ወጣ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የተመከረችው "እርስዎ"ም በድንጋጤ ጠፍቶባት ብርቅታይትን ያህል ሰው አንቺ አለች።

ብርቅታይት ልጅቷን አላየቻትም። ያየችው አስካልን ነው፤ ቆማ ጠበቀቻት። አስካል ፊቷን በእጇ ሸፍና ታለቅሳለች። ከሕመሙ ይሁን ከእፍረቱ ራሷም አልለየችውም። ብርቅታይት ነጠላዋን አነሣች፣ ቦርሳዋን ያዘች፣ በሩንም ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። በዚያ ፀሐይ አውቶቡስ እስኪመጣ ቆማ እንደምትጠብቅ አስካል ታውቃለች።

"ምን አልኩ?" አለች አርያም። "ማሚ፣ ምን አልኩ?"

ከዚያ ወዲያ ጠዋቱ ጭር አለ። አርያም እንቅልፏን ወደ ከሰዓት አዛውራ እናቷን ታሠራታለች፣ ሊሊ ትመጣለች፣ በረዶው ይወጣል ይገባል። አስካል እንደ ልቧ ትጮሃለች፤ "አይበቃሽም?" የሚላት የለም። ጉልበቱ በጣት እየተለካ መታጠፍ ጀመረ፤ ለቀጠሮው ግን ገና ነበር። ወሬውም ግቢውን ሞላው። አንዷ ደውላ "ብርቅታይትን ከነፔርሙዟ አስወጣችኋት አሉ፣ እውነት ነው?" አለቻት። አስካል ብርቅታይት በዚያን ዕለት ትታው የሄደችውን አጥሚት ከፍሪጅ አላወጣችውም፤ አልደፋችውምም።

ቀጠሮው ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። አስካል ተረከዟን በጠፍር አስራ በሁለት እጇ እየሳበች ስለነበር አርያም ስፒከር ላይ አደረገችላት።

"አስካል።"

"ወዬ፣ ብርቄ።"

"ቅር ብሎኝ ነበር" አለች ብርቅታይት። ድምፅዋ ለስልሷል። "ኋላ ሳስበው ልጅ ናት፣ እዚህ ተወልዳ አማርኛው ከየት ይምጣላት አልኩ። እኔው አዝያት አይደል ያደገችው? ብቻ አንቺ የልጅ አፍ ነው በይኝ። ነገ በጠዋት እመጣለሁ። አጥሚቱንም ጥጃለሁ።"

አርያም ከአልጋው ጫፍ ሆና "በያት፣ በያት" በሚል ዓይን እናቷን ታያለች። ቀላል ነበር። ደግሞ እውነት ነው፤ የልጅ አፍ ነበር። አንዲት ቃል ከተናገረች ብርቅታይት ነገ በሩን ትከፍታለች፣ ጋቢው ይደረባል፣ አይዞሽ ይባላል። ያኔ እግሩ ይደርቃል፤ ሐኪሞቹም እንደገና ያስተኟታል። አስካል ጠፍሩን ለቀቀችው።

"አማርኛው የሷ ነው፣ ብርቄ" አለች። "ሐሳቡ ግን የኔ ነው። ጠዋት አትምጪ።"

ስልኩ ውስጥ የአውቶቡስ ድምፅ ተሰማ። ብርቅታይት ወዴት እየሄደች ይሆን ብላ አስካል አሰበች።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፋሽም። እግሬ እየደረቀብኝ ነው። አንቺ ስታዝኚልኝ ማጠፍ አልችልም። ከሰዓት ነይ፣ ስትፈልጊ እደሪ፤ ጠዋቱን ብቻ ተዪልኝ።"

"ያን ሁሉ ጊዜ ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ትራሱን ስሰጥሽ እየመረቅሽ ስትቀበይ?"

"ይሉኝታ ያዘኝ" አለች።

"ከኔ ጋር?"

አስካል የለቀቀችውን ጠፍር ጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

"ይሉኝታ እኮ ለባዳ ነው፣ አስካል። እኔ አንቺን ሳዝልሽ እንደ ባዳ ነበር የምታይኝ?"

"ብርቄ፣ እንደሱ አይደለም፣ ስሚኝማ።"

ብርቅታይት አልሰማቻትም፤ ወይም ሰምታ ጨርሳለች። እንደገና ስትናገር ድምፁ የሌላ ሰው ነበር፤ ዝግ ያለ፣ የተስተካከለ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ለማታውቃት ሴት የምታወጣው ዓይነት።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ይማርዎት፣ ወይዘሮ አስካል" አለች። "ጉልበትዎን ይጠንቀቁ።"

ስልኩ ተዘጋ።

አርያም ስልኩን አስቀመጠች። "ማሚ፣ እንዴት ፈርቼ ነበር" አለች እየሳቀች። "ግን ኦኬ ነች፣ አይደል? አልተናደደችም። እርስዎ አለችሽ እኮ። ሪስፔክት አደረገችሽ።"

አስካል ልጇን አየቻት። ስንት ዓመት ሙሉ ያስተማረቻት ይህንኑ ነው፤ እርስዎ አክብሮት ነው ብላ። ሌላውን ትርጉሙን አላስተማረቻትም፤ እስከ ዛሬ እሷም ደርሶባት አያውቅም ነበር። የልጅቷ ፊት ፈክቷል፤ ሲከነክናት የሰነበተው ጥፋት የወረደላት ይመስላል። ያን ፊት መልሶ ማጥቆር አልሆነላትም።

"አዎ፣ አክብራኝ ነው" አለች። "ነይ አሁን እጠፊልኝ። ብጮህም እንዳትለቂኝ።"

አርያም እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች። እጇ ገና እግሩ ላይ ሳያርፍ አስካል ጮኸች።