ያልተሟሉ ረድፎች

ሲስተር በሩን ሳታንኳኳ ገብታ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ እንኳ አላወረደችም።

«እማማን የት አደረስካቸው?» አለችው።

«የትኛዋን እማማ?»

«ልብስ ሰፊዋን። እግራቸው የቆሰለውን። ዝርዝርህ ውስጥ የሉም።»

ባለኮምፒውተሩ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አንስቶ ቀና ብሎ አያት። ድርጅቱ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየዞረ የሚያስታምም ነው። ነርሶቹ በየጠዋቱ እሱ የሠራውን ገጽ ከፍተው፣ የዕለቱን ጉብኝት ከሰንጠረዡ አንብበው ይወጣሉ። አንድ ሰው አንድ ረድፍ ነው፤ ስም፣ አድራሻ፣ ሕመም፣ የጉብኝት ቀን፣ በመጨረሻም አንድ ነገር ቢደርስ የሚጠራ ሰው፣ ተጠሪ የሚሉት፣ ከነስልኩ። ባለኮምፒውተሩ ስድስት ዓመት ሙሉ ረድፎቹን እንጂ ሰዎቹን አይቶ አያውቅም። ከጓዳዋ ቢሮ የሚያስወጣው ጉዳይም አልነበረውም፤ ወደ እሱ የሚመጣም ሰው የለም፣ ማሽን የተበላሸበት ካልሆነ በቀር።

ሲስተር ነገሩን ቆማ አስረዳችው። ከአምስት ሳምንት በፊት ወደ ሌላ ሰፈር ስትዛወር በሽተኞቿን የተረከበችው አዲሷ ነርስ ናት። አዲሷ ነርስ ደግሞ የምታውቀው ስክሪኑ የሚያሳያትን ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሲስተር በዚያ በኩል ስታልፍ እስቲ ሰላም ልበላቸው ብላ ወደ ልብስ ሰፊዋ ጎራ አለች።

«እግራቸው ላይ ያለው ፋሻ እኔ ያሰርኩት ነው» አለች። «የገዛ ቋጠሮዬን አላጣውም። አምስት ሳምንት ሙሉ ማንም አልነካውም። እኔም ወደ ሥራ ስገባ ስለነበር ፋሻ አልያዝኩም።»

የልብስ ሰፊዋን ስም በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ጻፈ፤ ሰንጠረዡ ምንም አላመጣም። ወደ መረጃ ቋቱ ገብቶ ሲፈልግ ግን ሴትዮዋ ከነአድራሻቸው፣ ከነቁስላቸው ቁጭ ብለው አገኛቸው። የጎደለው የተጠሪው ዓምድ ብቻ ነበር፤ እሱ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው።

ከአምስት ሳምንት በፊት የሦስት ቅርንጫፎች አሮጌ መዝገብ ባንድ ላይ ተጠቃሎ ወደ ቋቱ ገባ። መዝገብ ማለት ማጋነን ነው። አንዱ ረድፍ ዘጠኝ ዓምድ ሲኖረው ሌላው አምስት፣ ቀኑ ስልክ ቦታ፣ ስልኩ ሕመም ቦታ። ገጹ ደግሞ ከእያንዳንዱ ረድፍ ጫፍ ላይ ወደ ተጠሪው የሚያስደውል ቁልፍ አለው፤ ተጠሪ የሌለው አንድ ረድፍ ሲያጋጥመው ሰንጠረዡ በሙሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት ለጎብኚዎች እንዲታይለት ይፈልጋል። ባለኮምፒውተሩ የተዘበራረቀውን አስተካከለ፣ ባዶው ሲያስቸግረው ግን አንዲት መስመር ኮድ ጨመረ፤ ያልተሟላ ረድፍ ሲያጋጥምህ ዝለለው አለው። ገጹ መሥራት ጀመረ። ሥራ አስኪያጁም በሰው ፊት አመሰገነው፣ እሱም ምስጋናው ደስ ብሎት በኋላ እመለስበታለሁ እንዳለ ረሳው።

«ስንት ናቸው?» አለች ሲስተር፣ ከፊቱ የሆነ ነገር አንብባ።

ቆጠረ። ስክሪኑ ላይ አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ ቋቱ ውስጥ አራት መቶ ሠላሳ አንድ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

ሲስተር ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሱ መስመሯን አጠፋት፣ ባዶ የሆነው ቦታ ሰረዝ ብቻ እንዲያሳይና የመደወያው ቁልፍ እንዲቀር አደረገ፣ የጎደለባቸው ረድፎች ደግሞ በቀይ ተለይተው ከሁሉም በላይ እንዲወጡ አዘዘ። ሥራው ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ያኔም ቢሆን ሃያ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው፤ ይህን ሲያስብ ራሱን ጠላ።

አሥራ ዘጠኙ ስሞች ብቅ አሉ። ሲስተር በጣቷ እየተከተለች አነበበቻቸው። አንዱም ተጠሪ የለውም። ልጅ ያለው ሰው ቢሆን ልጁ ደውሎ እናቴን ለምን ረሳችኋት ብሎ ቢሮውን ያተራምሰው ነበር። እነዚህን ግን የሚጠይቅላቸው ስላልነበረ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድ ስልክ አልጮኸም። ባለኮምፒውተሩ ከሕዝቡ ሁሉ መርጦ የሰረዘው ሰው የሌላቸውን ነው።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ሲሰማ መጀመሪያ ነርሶቹን ሁሉ በየአቅጣጫው አሰማራ፤ ይህን ማለት ይገባል። ከዚያ በሩን ዘጋና ለበላይ የሚላከውን ሪፖርት አነሳ።

«ከአሮጌው መዝገብ የመጣ ጉድለት ነው ብለህ ጻፈው» አለ። «ደግሞም እውነት ነው።»

ባለኮምፒውተሩ እሺ ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር።

«ጉድለቱ የመዝገቡ አይደለም» አለ። «ዝለላቸው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። እንደዚያ ነው የምጽፈው።»

ሥራ አስኪያጁ ጻፍ እንግዲህ አለው። ለወደፊቱ ግን የተጠሪው ዓምድ ካልተሞላ ምዝገባው እንዳያልፍ አድርግ ብሎ አዘዘ።

«ሰው የሌለው ሰውስ ምን ይጻፍ?»

«እኔ ምን አውቄ። የሆነ ነገር ይጻፋ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ከልብስ ሰፊዋ በቀር አሥራ ስምንቱም ተጎበኙ። አንድ ሽማግሌ ትኩሳት ጥሏቸው ሆስፒታል ገቡ፤ የቀሩት አንዳንዱ ተቆጣ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ልብስ ሰፊዋ ዘንድ የምትሄደው ሲስተር ነበረች። ባለኮምፒውተሩ አብሬሽ ልምጣ አላት። እሷም ምን ሊሠራልኝ ነው ብላ አየችው፣ ግን አልከለከለችውም።

ክፍላቸው ከሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ጫፍ ላይ ናት። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በጨርቅ የተሸፈነ የልብስ ስፌት መኪና። ባልቴቷ እግራቸውን ትራስ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ሲስተር ተንበርክካ ፋሻውን ስትፈታ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ባለኮምፒውተሩ ፊቱን ማዞር ፈለገ፣ ግን አላዞረም። ለሦስት ቀን በየጠዋቱ እመጣለሁ፣ ካልቀነሰ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አለች ሲስተር፣ በማይከራከሩት ድምፅ።

እሱ ጥፋቱን ነገራቸው። ስለ ረድፍና ስለ ዓምድ ሲያወራ ባልቴቷ ግራ ገብቷቸው ሰሙት፤ ኋላ ግን የገባቸው ገባቸው።

«እኔ ደግሞ አንቺ የተቀየምሽኝ መስሎኝ» አሉ ወደ ሲስተር ዞረው። «ያን ዕለት እግሬን ስትነኪኝ ጮኼብሽ አልነበር? በዚያ የቀረሽ መስሎኝ ስጸጸት ከረምኩ።»

ሲስተር ፋሻውን መጠቅለል ቀጠለች። እሱ አንዲት መስመር ጽፎ ሰኞን ሲሻገር፣ እኚህ ሴትዮ አምስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን ከራሳቸው ላይ ሲፈልጉ ነበር።

ስልኩን አውጥቶ ረድፋቸውን ከፈተ። ልጅ፣ ዘመድ፣ የሚጠራ ሰው ካለ ብሎ ጠየቃቸው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም። የእህታቸው ልጅ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። የታችኛው ቤት ተከራይ በየዓመቱ ይቀያየራል፣ የዘንድሮውን መልኩንም አያውቁት።

«ማንን ልበልህ ልጄ? ባዶውን ተወው።»

ባዶውን መተው ይቻላል። ጠዋት አስተካክሎታል፤ ተጠሪ ባይኖርም ረድፉ ከእንግዲህ አይጠፋም። ግን መታየት አንድ ነገር ነው፣ የሚጠይቅ መኖር ሌላ። የእሱ ስልክስ? ከሥራ ወጥቶ ክፍሉ ከገባ በኋላ የሚደውልለት ገጹ አልከፈት ያለው ሰው ብቻ ነው። ይህን ከዛሬ በፊት ለራሱም አምኖ አያውቅም።

«የእኔን ቁጥር ልጻፈው?» አላቸው።

ባልቴቷ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

«ተጠሪ ምንድነው የሚሠራው?»

«ነርስ ሳትመጣ ስትቀር እርስዎ ደውለው ይነግሩኛል። እኔ ሄጄ እጮሃለሁ።»

«አንተ?» አሉ። «የምትጮህ አትመስልም።»

ሲስተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሱም እለምደዋለሁ አለ፣ ደግሞ ሳይደውሉልኝም ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ብዬ አያለሁ አለ። ባልቴቷ ቅዳሜ የትም አልሄድም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቁጥሩን ጻፈ። ገጹ ቀጥሎ ዝምድና ብሎ ጠየቀውና የሚመረጠውን ዘረዘረለት፤ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም ወይም እህት፣ ጎረቤት፣ ሌላ። ዝርዝሩን የሠራው እሱ ራሱ ነው፤ የመጨረሻዋን የጨመራት ማንም እንደማይመርጣት እያወቀ ነበር። ጣቱ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «ሌላ» የሚለውን ነክቶ ረድፉን መዘገበው።