የቆረቆንዳው ከሰል

ኬሚስቷ ቀዩን መመርመሪያ ጠብ ስታደርግበት የብልቃጡ ውሃ ወዲያው ፈዘዘ። ደገመችው። አሁንም ፈዘዘ። መቅላቱን ነበር የፈለገችው፤ ቀለሙ የሚለቀው ውሃው ውስጥ ፍሎራይድ ሲበዛ ነው።

"ምን አገኘሽ?" አለቻት ታላቅ እህቷ፣ ሕፃን ልጇን እንዳዘለች።

"ማጣሪያው መሥራት አቁሟል።"

"ኧረ ባክሽ! ኩልል ያለ ውሃ እኮ ነው የሚወርደው።"

"ፍሎራይድ በዓይን አይታይም፣ እትዬ።"

ማጣሪያውን የሠራችው ራሷ ናት። የበቆሎ ቆረቆንዳ አክስላ፣ በአሲድ ዘፍዝፋ፣ መልሳ አቃጥላና አጥባ የማጣሪያውን ባልዲ ሞልታ ሰጥታት ነበር። ፍሎራይድ የበዛበት የጉድጓዱ ውሃ የሁለቱንም ጥርስ በልጅነታቸው አበልዞታል። እህቷ ዛሬም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያ ሁሉ ልፋት ሕፃኗ እንደነሱ እንዳትሆን ነው።

"ከሰሉ ለእናንተ ቤት እስከ ክረምት በበቃ ነበር። ምን አደረግሽው?"

እህቷ አንቀልባውን አጠባበቀች። "ጎረቤቶቼ ይቀዳሉ።"

"የትኞቹ?"

"ሁሉም ነዋ። ልጆቻቸውን ይዘው ደጄ ሲቆሙ ምን ልበላቸው? የኔዋ ብቻ ትሳቅ?"

ኬሚስቷ ተናደደች። ፍሎራይድ የጠገበውን ከሰል ደፍታ ይዛ የመጣችውን አዲሱን ሞላች። ጥቁሩ እጣቢ እስኪጠራ ድረስ አብረው አጠቡት።

"ሌላ እስክሠራ ይቆያል። ይሄን ለልጅሽ ብቻ አድርጊው።"

እህቷ ሳትመልስላት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ ባዶ ጀሪካን ይዛ ቆማለች።

"ከዛሬ ጀምሮ ለልጆች መጠጫ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ ይዘሽ ነይ" አለቻት እህቷ።

"እኛስ?"

"የኛማ አንዴ በልዟል፤ ከዚህ ወዲያ ማን ሊያጨን ነው?"

ጎረቤቷ አፏን ሸፍና እየሳቀች ጠርሙስ ልታመጣ ተመለሰች።

"ለአዋቂም እኮ አጥንት ይጎዳል" አለች ኬሚስቷ ቀስ ብላ።

"እንግዲያው ቶሎ ሥሪልና።"

ምሳ ቀረበ። እህቷ ለራሷ የጉድጓዱ ውሃ ካለበት በርሜል ቀዳችና ሌላ ብርጭቆ ይዛ ወደ ማጣሪያው ዞረች። "ላንቺ ከዚህ ልቅዳልሽ፤ እንግዳ ነሽ።"

ኬሚስቷ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብላ ከበርሜሉ ቀዳች።