መጀመሪያ ውሃ

ጉዲቱ ጀሪካኑን አዘንብላ የእትዬ ተሻለችን ክንድ ታጥባለች። ቧንቧው ከእሁድ ጀምሮ ደርቋል፤ የሰፈሩ የውሃ ፈረቃ ነገ ነው። ጀሪካኑ ሲያልቅ ተማሪዎቹ የሚጠጡትን ውሃ በየኮዳቸው እያመጡ ሰጧት፤ እሱንም ክንዱ ላይ ጨርሳ አፈሰሰችው። የእትዬ ተሻለች ክንድ ከአንጓ እስከ ክርን ቀልቷል። ዓይናቸው መትረፉ የእግዜር ሥራ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ጉዲቱ አልጠፋትም። በዚህ የኮልፌ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ ሰባት ዓመት ሠርታለች። ግድግዳው ላይ «መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ አሲድ፣ በቀስታ» ብላ በትልልቁ የጻፈችውም ራሷ ናት። ዛሬ ግን ክፍለ ጊዜው ደረሰባትና፣ ውሃው እስኪመጣ ብላ ሰልፈሪክ አሲዱን ባዶ ቢከር ውስጥ ለክታ ቀዳች። ምልክት እንኳ አልለጠፈችበትም። የጽዳት ሠራተኛዋን እትዬ ተሻለችን ከዘበኛው ቤት ውሃ እንዲያመጡ ልካ፣ እጮኛዋ ሮቤራ ሲደውል ለማነጋገር ወጣች። የሠርግ ካርዱ ቀለም ምን ይሁን ነበር ወሬው።

እትዬ ተሻለች ሲመለሱ ክፍሉ ባዶ ነው። ጉዲቱ ስትበጠብጥ ሁልጊዜ ስለሚያዩ፣ ልጅቷን ላግዛት ብለው ውሃውን ቢከሩ ላይ ጨመሩበት። አሲዱ ፈልቶ ተፈናጠረባቸው።

በማግስቱ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈቀደ አንድ ወረቀት አቀበሏት። የጽዳት ሠራተኛዋ ያለ ፈቃድ ኬሚካል በመንካታቸው አደጋው ደረሰ ይላል። ይህ ከተፈረመ ትምህርት ቤቱ አያሳክማቸውም፤ ከሥራም ይሰናበታሉ።

«አንቺን የሚነካ ነገር የለበትም፤ ፈርሚና እንገላገል» አሏት።

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«አምነዋል እኮ።»

ወረቀቱን ሳትፈርም ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ እትዬ ተሻለች ወደሚታከሙበት ክሊኒክ ታክሲ ተሳፈረች። እትዬ ተሻለች ክሊኒኩ ደጃፍ አግዳሚ ላይ፣ ክንዳቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተራ ይጠብቃሉ።

«እኔ ነኝ የነካሁት ብያቸዋለሁ» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሠርግሽ ደርሷል፤ ከሥራ እንዳያስወጡሽ።»

ጉዲቱ ይህን ስትሰማ ቀለል አላት። ቀለል እንዳላት ስታውቅ ደግሞ በራሷ አፈረች።

«ብቻ አንድ ነገር ንገሪኝ» አሉ እትዬ ተሻለች። «ንጹህ ውሃ ነው የጨመርኩት። ምን አጥፍቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«አሲድ ላይ ውሃ አይጨመርም፣ እትዬ። ይፈላል። ውሃው ነው መቅደም ያለበት፤ አሲዱ በላዩ ቀስ እያለ ይገባል። ግድግዳው ላይ የተጻፈው እሱ ነው።»

«እኔ ማንበብ መች እችላለሁ፣ ልጄ። አቧራውን ግን በየቀኑ እጠርግለታለሁ።»

ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» ትላቸው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ያንን ጽሑፍ አላነበበችላቸውም።

ወረቀቱን አወጣችና ገልብጣ፣ ጉልበቷ ላይ ደግፋ በጀርባው መጻፍ ጀመረች። እትዬ ተሻለች ምን እንደምትጽፍ ጠየቋት። ስትጨርስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው፤ «አሲዱን በባዶ ዕቃ ቀድቼ፣ ምልክት ሳላደርግበት ትቼ የወጣሁት እኔ ነኝ። ውሃ አምጡ ብዬ የላክኋቸውም እኔ ነኝ።»

«ተይ፣ ልጄ።»

ጉዲቱ ፈረመችበት።