ከድልድዩ ወዲያ

አንዲት ሴት ሞተች። ምልክቱን የቀባው አባቴ ነው። ተጠናቋል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

ሥራችን የእግር መንገድ መጠበቅ ነው። ሰው እሑድ እሑድ ከከተማ እየመጣ ይሄድበታል። መንገዱ ከመኪና ማቆሚያው ይነሳና የቦዩን ዳር ይዞ ይወርዳል፣ በአሮጌው የድንጋይ ድልድይ ወንዙን ይሻገራል፣ የፈረሰውን ግንብ ያልፍና ድሮ እህል ይፈጭበት የነበረ የውሃ ወፍጮ ጋ ያበቃል። ሁለት ሰዓት መሄጃ፣ ሁለት ሰዓት መመለሻ። ዳገት የለው፣ ገደል የለው። ልጅ ያዘለችም ትሄደዋለች። በየዛፉና በየድንጋዩ ላይ መዳፍ የምታክል ቢጫ ምልክት አለች። ሰው እሷን እያየ ነው የሚሄደው።

ምልክት ሁሌም ጥንድ ነው። በአንዱ ጎን የመሄጃው ይቀባል፣ ዞር ተብሎ በሌላው ጎን የመመለሻው። ሰው ሲመለስ መንገዱን የሚያውቀው ይመስለዋል። አያውቀውም። ሲሄድ ያየው የነገሩን ፊት ነው፣ ሲመለስ የሚገጥመው ጀርባውን ነው። ይሄን ያስተማረኝ አባዬ ነው። ሰላሳ አንድ ዓመት ቀብቷል። ጡረታ ከወጣ በኋላም ዝናቡ ሲያበቃ ምልክቱን የሚያድሰው እሱ ነው። የምልከውም እኔ ነኝ።

ሟቿ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች። ባሏ ጉልበቱን አሞት ግንቡ ጋ ቁጭ አለ፣ እሷ ወፍጮውን አይቼ ልምጣ ብላ ብቻዋን ሄደች። ስትመለስ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ አለ። የላይኛው ወደ ግንቡ ይመልሳል። የታችኛው የከብት መንገድ ነው፣ ወንዝ ውስጥ ነው የሚያወርደው። የታችኛውን ያዘች። ባልየው ለፖሊስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሚስቴ ምልክት አይታ የምታልፍ ሰው አይደለችም» አለ።

ኃላፊያችንን በጓዳ ማህተም ነው የምንለው፣ ያለ ማህተም ውሃ አይጠጣም። በማግስቱ ጠራኝና ፎርሙን ገፋ አደረገልኝ።

«ማን ቀባ፣ መቼ ቀባ፣ ማን አረጋገጠ። ነገ ከቢሮ ሳልወጣ እፈልገዋለሁ።»

«ማን እንደቀባ ታውቅ የለም እንዴ?»

«ማወቅ ሌላ፣ ወረቀት ሌላ።» በሩን አየት አደረገና ድምፁን ቀነሰ። «ስሚኝ እህቴ። አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው። ሰባ አራት ዓመት። ማንም ምንም አይላቸውም። አንቺ ግን ልጆች አሉሽ።»

«ፊርማው የኔ ነው።»

«የፈረምሽው እሳቸውን አምነሽ ነዋ። እንደዛ ብለሽ ጻፊ። ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ።»

ቤት ስገባ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ሰምቷል።

«እታለም፣ ሰውየው ልክ ነው የነገረሽ። አባዬ እንደሆነ አያስታውሰው።»

«ስለማያስታውስ እንጫንበት?»

«እሱንማ ምን ይጎዳዋል? የምትጎጂው አንቺ ነሽ። አንቺ ብትታሰሪ አባዬን ማን ሊይዘው ነው? እኔ?»

«አንተማ ድመት አትይዝ።»

«ይኸው፣ ራስሽ አልሽው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ማብሰያው ላይ ያለው ነገር እያረረ ነበር፣ ዘጋሁበት።

ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደረስኩና መንገዱን ላየው ከመሄዴ በፊት ቤት ተመለስኩ። አባዬ ቦት ጫማውን አድርጎ በር ላይ ቆሟል። በየቀኑ እንደዛ ነው የሚቆመው።

«ወዴት ነው?»

«ወፍጮው ጋ ደርሼ ልምጣ።»

«ብቻሽን? ማን ሊያሳይሽ?»

ለመከራከር ጊዜ አልነበረኝም። ይዤው ሄድኩ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ፖሊስ ገመድ ወጥሯል። ከፍ አድርጌለት በሥሩ አለፈ፣ ለምን እንደተወጠረ አልጠየቀም። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፣ ቦዩ ደፍርሷል። አባዬ ፊት ፊት ይሄዳል። ቤት ውስጥ ጫማውን ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰውዬ እዚህ የቱ ድንጋይ እንደሚያዳልጥ ያውቃል። እኔ በየዛፉ እያለፍኩ ዞሬ ጀርባውን አያለሁ። መመለሻው አለ። ቀጣዩም ላይ አለ። ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ያልፈሰሰ፣ የአባዬ እጅ።

«ምን ያገላምጥሻል? ሰው ይከተልሻል እንዴ?»

«እያየሁ ነው።»

«ጥሩ። ሰው እያየ ነው የሚሄደው።»

ድልድዩ ላይ ቆመና የድንጋዩን ጠርዝ መታ መታ አደረገው።

«ይሄን የሠሩት ሰዎች ከሁለት ዳር ነው የጀመሩት። መሐል ላይ ሲገናኙ አንድ ጣት አልሳቱም። የዛሬ አራት መቶ ዓመት። የኛ ሰዎች ይኸው አንድ ቱቦ ቀብረው ማገናኘት አቃታቸው።»

ይሄን ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ተሻገርን።

ከድልድዩ ወዲያ ያለው የመጀመሪያው ዛፍ ትልቅ ዋርካ ነው። የመሄጃው ምልክት አለ። ዞሬ አየሁ። መመለሻው ላይ ጣት የምታክል ቢጫ ጭረት አለች፣ ተጀምራ የቀረች። ከዛ የሚቀጥለው ድንጋይ ጀርባው ባዶ ነው። የሚቀጥለው ዛፍም ባዶ። የሚቀጥለውም። ዝናብ የበላው ያረጀ ቀለም ብቻ፣ ግንዱን በጥፍር ፍቀሽ ካልሆነ የማይታይ።

ወደ ዋርካው ተመልሼ ጭረቷን አየኋት። እዚህ ጋ ነው። ብሩሹን ነክሮ ዞሯል፣ አንዴ አስነክቷል፣ ከዛ ለምን እንደዞረ ጠፍቶበታል። ከዛ በኋላ ወደፊት ብቻ እየቀባ ሄዷል፣ እስከ ወፍጮው ድረስ።

ቀብቶ የተመለሰበትን ቀን አስታውሳለሁ። ቆርቆሮው ከሩብ በላይ ቀለም ነበረው። ባዶ መሆን ነበረበት። አይቼዋለሁ። ሄጄ ላረጋግጥ ብል አራት ሰዓት መንገድ ነው፣ ልብስ ነክሬያለሁ፣ ትንሿ ልጄ እያተኮሳት ነው። ደግሞ ቀለም ቀብቶ በመጣ ቀን የሞተችውን እናቴን የት ሄደች ብሎ አይጠይቀኝም፣ በልቶ ይተኛል። ፈረምኩ። ሳላውቅ ነው ማለት አልችልም።

«ነይ እንጂ» አለ ከፊት።

ግንቡን አለፍን። ባልየው የተቀመጠበት ድንጋይ ይሄኛው ይሁን ያኛው አላውቅም፣ ሁሉንም ቶሎ አለፍኳቸው። መንገዱ ሁለት የሚሆንበት ጋ ስንደርስ አባዬ ቆመ። ከታች ወንዙ ይሰማል። እንደ ድሮው፣ ሥራ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው፣ ጀርባውን ለወፍጮው ሰጥቶ ዞረ። ድንጋዩን አየው።

«የመመለሻው የታለ?»

ወደ ፊት ሄዶ ቀጣዩን ዛፍ ዞረው። ከዛ ሌላውን። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ማነው ይሄን የሠራው?»

«አባዬ፣ እንመለስ።»

«ማነው አልኩሽ። ይሄ ሥራ ነው? እዚህ ቦታ ላይ? ከዚህ የሚመጣ ሰው በየት ይለፍ ብሎ ነው? ሰው ያስገድላል እኮ ይሄ።» ባዶውን ድንጋይ በጣቱ ጠቆመ። «ስሙን ንገሪኝ። ዛሬ ነው ከሥራ የማስባርረው።»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«እኔ።»

ብዙ አየኝ። ልጁ መሆኔን ያወቀ አልመሰለኝም ነበር፣ ግን አውቋል።

«እኔ አይደለሁም ያስተማርኩሽ?»

«አንተ ነህ።»

«ታዲያስ?»

«ቸኩዬ ነው።»

«ቸኩዬ» አለ። ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። «አንቺ ያልቸኮልሽው መቼ ነው? ስትወለጂም በሰባት ወርሽ ነው የመጣሽው፣ እናትሽ ልብስ እንኳ አላዘጋጀችም።»

«እሺ አባዬ።»

«እሺ አይደለም። ሂጂና ለአለቃሽ ንገሪው። እኔ ነኝ፣ ሳላየው ነው በይ። ሰው ሳይጎዳ።»

ወንዙን ላለማየት እሱን አየሁት።

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

ወፍጮው ጋ አልደረስንም። መልስ ላይ እጁን ያዝኩት። ዋርካው ጋ ስንደርስ ንዴቱ ከፊቱ ጠፍቷል፣ ድልድዩ ላይ ደግሞ ድንጋዩን መታ መታ አደረገና «ይሄን የሠሩት ሰዎች ከሁለት ዳር ነው የጀመሩት» አለ። አልኩት፣ «መሐል ላይ ሲገናኙስ?» እስከ መኪና ማቆሚያው ነገረኝ።

ጎረቤታችን ጋ አስቀመጥኩትና ቢሮ ገባሁ። ፎርሙን ቆሜ ሞላሁት። የቀባው፣ አባቴ። ያረጋገጠው፣ እኔ። ከታች አስተያየት የሚል ቦታ አለ። ጻፍኩ፦ «ከድልድዩ በኋላ የመመለሻ ምልክት የለም። ሳልሄድበት ፈረምኩ። አባቴ እንደሚረሳ ከዓመት በፊት ጀምሮ አውቅ ነበር። እያወቅኩ ላክሁት። ቆርቆሮው ሳያልቅ መመለሱንም አይቻለሁ።»

ማህተም አነበበው። እንደገና አነበበው።

«የታችኛውን ሰርዢው» አለ። «ይሄን ማን ጠየቀሽ?»

«አልሰርዝም።»

«እህቴ፣ ይሄ ለፖሊስ ነው የሚሄደው። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«አባትሽንስ አላሰብሽም?»

የቀለም መጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። ደረጃው ላይ ሆኜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

«ነገ ና» አልኩት። «አባዬን ትወስደዋለህ።»